የአያ ከማሉ ፋቲሃ

«ከማሉ! ደፍሮ መጣ!» አለች ራሒማ የእህቷን የዙህራን ክንድ ጨምድዳ። «ቀና ብለሽ እንዳታዪው።»

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሴቶቹ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጡ አንገታቸውን አስግገው በሩን አዩ። የዙህራ ባል ያዕቁብ የተቀበረው ትናንት ነው። የሟቹ አጎት፣ የገዳሪፉ እህል ነጋዴ አያ ከማሉ፣ በር ላይ ጫማቸውን እያወለቁ ነበር።

እዚህ ሱዳን ለቀስተኛ ሲመጣ መዳፉን ዘርግቶ «ፋቲሃ» ይላል፤ ሐዘንተኛውም መዳፉን ይዘረጋለትና የቁርኣኑን የመክፈቻ ምዕራፍ ለሟቹ አብረው ይቀራሉ። ሐዘንተኛው ካልዘረጋ ግን አበቃ! ሰውየው የቤቱ ደመኛ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቅለታል።

ያዕቁብን ማን አሳደገውና ነው? እኚሁ ከማሉ ናቸው። አባቱ መተማ ላይ ሲሞትበት ወስደው ሰሊጥ በጣቱ አሽቶ ዋጋ መናገር ያስተማሩት፣ ጎንደር ልከው ያስማሩት እሳቸው። በዚያ ትምህርት ነው አዲስ አበባ ገብቶ ጋዜጣ ላይ የንግድ ዜና ጸሐፊ የሆነው። ደርግ ሲያሳድደውም የተጠጋው እሳቸውን ነው። ገዳሪፍም ሆኖ የገበያውን ነገር ለካርቱም ጋዜጣ መጻፉን አልተወም።

ከዚያ የሰባ ሰባቱ ረሃብ መጣ። ሰው ድንበር ተሻግሮ በባሱንዳ መንገድ ሲረግፍ፣ ያዕቁብ ዋጋ እስኪወጣ ዱራ፣ ማሽላው ማለት ነው፣ የተቆለፈባቸውን መጋዘኖች በየባለቤቱ ስም ጻፈ። መጀመሪያ የጻፈው የአጎቱን ነበር።

«የሌሎቹን ብቻ ብትጽፍስ?» ብላው ነበር ዙህራ።

«የሰው ስም ጠርቼ የራሴን ብደብቅ ማን ያምነኛል?»

ያን ቀን ግን እህል አልቀመሰም። አይ ያዕቁብ! አጎቱን ይወድ ነበር እኮ።

ከማሉም «ያጎረስኩት እጄን ነከሰኝ» ብለው በራቸውን ዘጉበት። መጋዘኑንም አልከፈቱም። ያዕቁብ ወደ ስደተኞቹ መጠለያ ለዜና ሲመላለስ ተቅማጥና ትውከት ያዘው፤ ሲያጣጥር እንኳ አልጠየቁትም።

አሁን ዙህራ ፊት ቆመዋል። መዳፋቸውን ዘርግተዋል።

«ፋቲሃ፣ ልጄ።»

ዙህራ እጇን ከነጠላዋ ስር አላወጣችም።

«ዙህራ፣ ሰው እያየኝ ነው።»

«መጋዘኑን ከፈቱት ወይ፣ አያ?» አለች ዙህራ።

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «እሱ ሌላ ነገር ነው። እኔ የመጣሁት ለልጄ ነው» አሉ፤ እንባቸው በጺማቸው ወረደ። እውነተኛ እንባ ነው፤ የባሰውም ይሄ ነው።

ራሒማ ክንዷን አጥብቃ ያዘቻት። ዙህራ ግን አንጀቷ አልችል አለ። ያዕቁብን በጫንቃቸው ተሸክመው ያሳደጉ ናቸው፤ ከሷ ሌላ እንዲህ ከልቡ የሚያለቅስለት ሰው የለውም። ክንዷን ከእህቷ እጅ አላቀቀችና መዳፏን ዘረጋች።

ከማሉ ፋቲሃውን ቀሩ። የዙህራ መዳፍ እስከ መጨረሻው አልታጠፈም። ከንፈሯ ግን አልተንቀሳቀሰም።