የመጀመሪያው እይታ

የቡድሃ ሐውልት ዓይኑ የሚሳለው በመጨረሻ ነው። ሠዓሊው ጀርባውን ሰጥቶ በመስታወት እያየ ይስለዋል፤ ሲጨርስ ዓይኑ ታስሮ ይወጣል። ጨርቁ ሲፈታ መጀመሪያ ያየው ነገር ይጠፋል ስለሚባል ደጃፉ ላይ የሸክላ ማሰሮ ይቀመጥለታል፤ እሱን አይቶ በዱላ ይሰብረዋል።

ሱማናፓላ ዓይን ሲስል ዛሬ የመጀመሪያው ነው። ብሩሹን በትከሻው ላይ አሳልፎ ሁለተኛውን ብሌን ሲነካ፣ መስታወቱ ውስጥ ያለው የሐውልቱ ፊት ትንፋሽ የሳበ መሰለው። መስመሩን ግን ሳያቋርጥ ጨረሰ።

መምህሩ ኪሪ ባንዳ ዓይኑን አስረው እየመሩ አወጡት።

«በል ፍታው» አሉት።

ፈትቶ ዱላውን አነሳ። ከፊቱ ግን የተቀመጡት ሽማግሌው መምህሩ ነበሩ።

«የኔታ! ምን ሆነው ነው? ማሰሮው የታል?»

«ከኋላዬ ነው። ዱላህን አውርድ እንጂ፣ ልትፈነክተኝ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ።

«ለምን እንዲህ አደረጉ?»

«መምህሬም እንዲሁ ተቀመጡልኝ፤ ወሩን አልጨረሱም። ከዚያ ወዲህ ዓይን በሳልኩ ቁጥር መስታወቱ ውስጥ እሳቸው አሉ። አንዱንም በቸልታ ስዬ አላውቅም። እጅህን አስተምሬዋለሁ፤ የቀረችህ ይቺ ነበረች።»

ሱማናፓላ ዓይኑን ጨፈነ። ፊታቸው ግን እዚያም ቀድሞት ተቀምጦ ነበር።