የአሰልጣኙ ቀኝ እግር

በአንድ ወር ውስጥ ሰባት የመንጃ ፈቃድ ተፈታኞች አንድ ነጭ መስመር ላይ ወደቁ። መሪ አያያዛቸውም ሆነ የማርሽ አለዋወጣቸው እንከን አልወጣለትም፤ «ቁም» የሚለው መስመር ዘንድ ሲደርሱ ግን ሰባቱም እንደማያውቁት ሰው በዝምታ አልፈውት ሄዱ። ሰባቱንም ያስተማረው አንድ ሰው ነበር።

ይህ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከተማሪ ጎን ተቀምጦ የኖረ አሰልጣኝ ነው። በማሰልጠኛው መኪና ውስጥ፣ በእርሱ መቀመጫ በኩል፣ ለክፉ ቀን የተሠራ ተጨማሪ ፍሬን አለ። ከሦስት ወር በፊት ያ ክፉ ቀን መጣ። አንድ ተማሪ መንገድ የምታቋርጥ ሴት ላይ ሊወጣባት ሲል አሰልጣኙ ረገጠ፤ መኪናው ቀሚሷን ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ሴትዮዋ የእርግማን መዓት አውርዳባቸው መንገዷን ቀጠለች። ማንም አልተጎዳም፤ ስለዚህ አሰልጣኙ ምንም አልተፈጠረም ሲል ደመደመ። እግሩ ግን በዚህ ድምዳሜ አልተስማማም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ተማሪው ስለ ፍሬን ከማሰቡ በፊት የአሰልጣኙ ቀኝ እግር ቀድሞ ይረግጣል። ተማሪዎቹም መኪና በራሱ ጊዜ የሚቆም ፍጥረት መስሏቸው እግራቸውን አሳረፉ። በፈተና ዕለት አሰልጣኝ አብሮ አይቀመጥምና ውጤቱ ከላይ የተነገረው ሆነ።

እግሩ የሥራ ሰዓት ቢያከብር መልካም ነበር። ብርጭቆ ወደ ጠረጴዛ ጠርዝ ሲጠጋ ይረግጣል፤ ቴሌቪዥን ላይ ፈረስ ሲጋልብ ይረግጣል፤ ሌሊት በእንቅልፉም ይረግጣል። ባለቤቱ የመኪና መንገድ በሌለበት መተኛት እንደምትፈልግ ገልጻ፣ ትራሷን ይዛ ወደ ልጃቸው ክፍል ተዛወረች። የማሰልጠኛው ኃላፊ ደግሞ ስምንተኛ ተማሪው ከወደቀ ከመኪና ወርዶ ቢሮ ውስጥ ስልክ እንደሚያነሣ ቁርጡን ነገረው።

ወደ አጥንት ሐኪም ሄደ። ሐኪሙ ጉልበቱን መታ መታ አድርጎ፣ ራጁን በብርሃን አይቶ፣ ይህ እግር ከራሱ ከሐኪሙ እግር እንደሚሻል መሰከረና ለሥነ ልቦና ባለሙያ ወረቀት ጻፈለት። አሰልጣኙ ወረቀቱን እንደ ክስ መጥሪያ አጥፎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

«እብድ ነህ ብሎ ጻፈልኝ» አላት ባለቤቱን።

ተቀብላ አነበበችው። «ጭንቀት ነው የሚለው።»

«የሚጨነቀው እግሬ ነው፤ እኔ ደህና ነኝ።»

«እንግዲያው እግርህን ላከውና አንተ ቤት ተቀመጥ።»

የባለሙያዋን ቢሮ ደረጃ ሲወጣ የሚያውቀው ሰው ቢያየውስ? ሌላውን «ተረጋጋ» እያለ እንጀራውን የሚበላ ሰው፣ አረጋጉኝ ብሎ በምን ፊቱ ደጅ ይጠናል? ለመኪናው ትንሽ ኮሽታ ወደ ጋራዥ የሚሮጥ ሰው፣ ለገዛ ራሱ ሲሆን የሰበብ ሀብታም ነው። ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ አንድ ሳምንት ሰነበተ።

ስምንተኛዋ ተማሪ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነበሩ። ፈተናቸው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አሰልጣኙ ቀኝ እግሩን በግራው ቆልፎ፣ ዛሬስ ከረገጥሁ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ተቀመጠ። መስመሩ ገና በሩቅ ሲታይ ቀኙ ከግራው አምልጦ ረገጠ። አዋላጇ ሞተሩን አጠፉና ወደ እርሱ ዞሩ።

«አሰልጣኝ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ “አምጪ” ስል ኖሬያለሁ። አንድም ቀን ግን ስለ እናቲቱ ብዬ አምጬ አላውቅም። እኔ ባምጥላቸው ኖሮ የሚወለድ ልጅ የለም።»

«ባይቆሙስ?»

«መንገዱ ባዶ ነው። ምን ታይቶዎት ነው?»

«ቀሚሷ» አለ አሰልጣኙ።

ይህን ቃል ለማንም ተናግሮት አያውቅም፤ ለራሱም ጭምር። ሴትዮዋ ከሄደች ሦስት ወር ሆኗት ሳለ ቀሚሷ ግን በየመስመሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።  ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ አድራሻውን ለአዋላጇ አነበበላቸውና ወደዚያ እንዲነዱ ነገራቸው። በመንገድ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ረገጠ።

የባለሙያዋ ጸሐፊ ቀጠሮው ለማን እንደሆነ ጠየቀችው። «ለእግሬ» ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ከዚያም ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ነገራት።

«ችግሩን ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ፈርቷል በይ።»

ቀና ብላ እንኳ ሳታየው ጽፋ፣ ተራውን እንዲጠብቅ ወንበር አሳየችው። ገና ከመቀመጡ የጽዳት ሠራተኛዋ ባለጎማ ባልዲዋን እየገፋች ብቅ አለች፤ እግሩም ወለሉን ደለቀው። አጠገቡ ጋዜጣ ያነቡ የነበሩ ሽማግሌ ወደ ጫማው ተመለከቱ፤ አሰልጣኙም እግሩን ከወንበሩ ሥር ሸሸገ።

«የእኔ በር ነው» አሉ ሽማግሌው በለሆሳስ። «ቆልፌ ከሄድሁ በኋላ፣ ተመልሼ ካላየሁት አላምነውም።»

«ስንቴ ይመለሳሉ?»

«ዛሬ አራቴ ብቻ» አሉ ሽማግሌው፣ በኩራት።