ሳፊያ የማይናገሩት

«ቁስል ነበረባት ወይ? እሱን ብቻ ይንገሩኝ» አለች ሙሚና።

እትዬ ሳፊያ የሙስበሃቸውን ዶቃ መቁጠር አቆሙ። «ሬሳ ያጠበ ሰው ያየውን አይናገርም፤ ክፉም ይሁን ደግ። ይኸ ጠፍቶሽ ነው?»

«እህቴ ናት እኮ።»

«አውቃለሁ። አይዞሽ» አሉና መቁጠራቸውን ቀጠሉ።

የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነው። ሙሚና ከማጀቴ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ታናሽ እህቷ ዘምዘም ተቀብራ ነበር፤ ፊቷን እንኳ አላየችውም። አሁን በእህቷ ቤት፣ ከማታውቃቸው ሴቶች መሀል ተቀምጣ፣ እንዴት እንደምታለቅስ ግራ ገብቷታል። ሴቶቹ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ዱዓው ግን አፋቸው ላይ ይጎተታል። ጥግ የያዙት ሁለቱ ደግሞ ይንሾካሾካሉ፤ ድምፅ መቀነስ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም።

«ራሷን የገደለችው በአባቷ ጩቤ ነው አሉ። ለእንዲህ ያለችው ዱዓ ይደረጋል ወይ?»

«ሳፊያ ዝም ያሉት የሚሸሽጉት ቢኖራቸው ነዋ።»

ሙሚና ልትስቅ ምንም አልቀራትም። አባታቸው ጨው ነጋዴ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከምላጭ የተሻለ ስለት አልያዙም። ታዲያ ይኸ ጩቤ ከየት መጣ?

ዘምዘም በጣሊያኖቹ የመንገድ ሥራ ካምፕ ከሚሠራ አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ጋር መኖር የጀመረች ጊዜ ሙሚና «ከእንግዲህ እህት የለኝም» ብላ ነበር። ሰውየው እመለሳለሁ ብሎ ወደ አገሩ ሄደ፤ ዘምዘም ሁለት ዓመት ጠበቀችው። ባለፈው ወር እውነትም ተመለሰ። ነጭ ሚስቱን ከጎኑ አስቀምጦ፣ በካሚዮን በደጇ አልፎ ወደ ጣርማ በር ወጣ እንጂ አልቆመም። ከዚያ በኋላ ዘምዘም ሁለት ጊዜ ወደ ማጀቴ ላከች፦ «ታምሜያለሁ፤ ድረሽልኝ።» ሙሚና ሕመሟ ሰውየው ነው፣ ያልፍላታል ብላ ቀረች።

በሦስተኛው ቀን የካምፑ አስተርጓሚ የነበረው ሞገስ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ «እግዜር ያጥናዎት» ካለ በኋላ አልሄደም።

«ጥፋቱ የኔ ነው እትዬ ሙሚና። ጣሊያኖቹ ካምፑ ውስጥ በሸክላ የሚሰሙት ዘፈን ነበር፤ በዘፈን የሚጫወቱት ትያትር ነው። የጃፓን ሴት ናት። አንድ ነጭ መኮንን አግብቷት ይሄዳል፣ ትጠብቀዋለች፣ ነጭ ሚስት ይዞ ይመጣል። በአባቷ ጩቤ ራሷን ትገድላለች። የከተማው ሰዎች ምን እያለ ነው ሲሉኝ ሻይ ቤት ተቀምጬ ተረኩላቸው። አሁን የዘምዘምን ሲያዩ የሷንም መጨረሻ በዚያው ጩቤ ጨረሱት።»

«ሴትዮዋ የእውነት ነበረች?»

«ነበረች ይላሉ። አንዲት ነጭ ሴት እዚያ አገር የሰማችውን ለወንድሟ አጫወተችው፤ እሱ ጻፈው፤ ከዚያ ወደ ዘፈን ገባ። እውነተኛዋ ሴትዮ ግን አልሞተችም አሉ። ኖረች።»

«ታዲያ በዘፈኑ ለምን ገደሏት?»

ሞገስ ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረው። «እንጃ። ሰዉ የሚያለቅሰው ስትሞት ነው መሰለኝ።»

ሙሚና ትንሽ ቀለል አላት። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አላትና ተመልሳ ጨነቃት። «ዘምዘምስ ይኸን ሰምታ ነበር?»

«መጀመሪያ የጠየቀችኝ እሷ ናት» አለ ሞገስ፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

ያች የጃፓን ሴት ኖራለች፤ ዘምዘም ግን የዘፈኑን መጨረሻ ታውቀው ነበር። ሙሚና የቱን እንደምታምን ጠፋት። ወደ ምንጣፏ ተመልሳ ተቀመጠች።

ለቀስተኛው መነሳት ሲጀምር እትዬ ሳፊያ ከቤታቸው አንድ ጥቅል ይዘው ተመለሱና ጭኗ ላይ አኖሩት።

«እኔ አልናገርም። ልብሷ ግን ያንቺ ነው፤ ወራሿ አንቺ ነሽ። የሞተችበት ነው፣ አላጠብኩትም።»

ሙሚና ጥቅሉን ፈታ ቀሚሱን ወደ በሩ ብርሃን ይዛ ወጣች። ደረቱን አየች፤ አንገቱን፣ ጎኑን አየች። ገልብጣ እንደገና አየች። ቅድ የለውም፤ ደምም የለውም። ላብ ብቻ ነው፤ የብዙ ቀን ላብ፣ አንገቱና ጀርባው ላይ ነጭ ሆኖ የደረቀ። የቆላ ሰው ይኸን ያውቀዋል፤ ወባ ነው።

ሲንሾካሾኩ ከነበሩት ሁለት ሴቶች አንዷ ቀሚሱን አይታ ዱዓ ጀመረች፤ ድምፅዋ ዛሬ አልተጎተተም።

«አልሐምዱ» አለች ሙሚና፤ አልጨረሰችውም። እህቷ ራሷን አልገደለችም። ታምሜያለሁ ያለችው እውነቷን ነበር፤ ሁለት ጊዜ ልካላታለች፤ ማጀቴ ሩቅ አይደለም።

ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና ቀሚሱን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። የእጇን ጀርባ አንገቱ ላይ፣ ላቡ በደረቀበት፣ ቀስ ብላ አሳረፈች፤ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው። አላነሳችውም።