ወደ መድረኩ የዞሩ መቃብሮች

የኦጋዴን ጦርነት ባበቃ በዓመቱ አሰላ ዳር በተሠራው የጀግኖች መቃብር መስቀልም ጨረቃም የለም። በሲሚንቶው ሐውልት ሁሉ ላይ ቀይ ኮከብ ብቻ ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም የክብር እንግዶች ወደሚቀመጡበት መድረክ ፊቱን አዙሮ ተቀብሯል። ይህን ያሰበው ካድሬው ግዛቸው ነው፤ ሙት እንኳ ሰልፍ ካላስያዘ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር፣ አፈር ይብላ!

ከአርቦዬ የመጣው ገበሬ ከዲሮ የለመነው አንድ ነገር ነው፤ ልጁ አብዶ ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ ይዙርለት። ኮከቡ ግድ አልሰጠውም። ልጁን ሳያጥበው፣ ሳይሰግድበት ቀብረውበታል፤ የቀረችው ይቺ ብቻ ናት።

ከአብዶ መቃብር አጠገብ የካሣዬ መቃብር አለ። እናቱ አፀደም ከከዲሮ ጋር አብራ ለመነች፤ «የኔም ልጅ እንደ አባቶቹ ወደ ምሥራቅ ይዙርልኝ» አለች።

«የአብዮት ልጅ የሚያየው ሕዝቡን ነው» ብሎ ግዛቸው መለሳቸው። እነሱ ግን በየማለዳው ቢሮው በር ላይ እየቆሙ አሰለቹት። አንድ ቀን ሳቅ አለ።

«እሺ፣ ሽማግሌው፣ ያንተን ራስህ ቆፍረህ አዙር። ብቻ ዛሬውኑ አፈሩ ተመልሶ ይደልደል፤ ለአብዮት በዓል እንግዳ አለብኝ።»

ከዲሮ ምርቃት እያወረደበት ቆፈረ። አፀደ ጭቃውን በእጇ እየዛቀች አገዘችው። ሳጥኑ ብቅ ሲል ከዲሮ ልጁን በቀኝ ጎኑ ሊያስተኛው ክዳኑን በዶማው ፈለቀቀ።

ድንጋይ ነበር። እንዳይንኳኳ ዙሪያውን የገብስ ገለባ የተጠቀጠቀበት ድንጋይ።

«ከዚያ በረሃ ሬሳ ማን ያመጣልሃል?» አለ ግዛቸው ከዘበኞቹ ጋር አፋፉ ላይ ቆሞ። «በል እንጂ፣ ቂብላ ወዴት ነው ያልከው? አዙረው!»

ዘበኞቹ ሳቁ። ከዲሮ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያነሳ ከሥራቸው ዳበሰ፤ አሁንም ልጁን ይፈልግ ነበር።

«ልጄስ? ልጄ የት ነው ያለው፣ ጓድ?»

«ጅብ ጠይቅ።»

ከዲሮ ከጉድጓዱ ወጣ። ዶማውን እንደያዘ ወደ ካሣዬ መቃብር ተጠጋ።

«እትዬ አፀደ፣ የእርስዎንም ልክፈተው?»

አፀደ ሮጣ አፈሩ ላይ በደረቷ ተደፋች።

«አይንኩብኝ፣ ኦቦ ከዲሮ! የኔ ልጅ እዚህ ነው ያለው! ወደ መድረኩም ቢሆን ይዙር፤ እንደተኛ ይተዉልኝ!»