ፔትሮኒላ ድስት የማትነካበት ሳምንት

ፔትሮኒላ ባሏን ካሲሚሮን በመርከብ ሽርሽር ለማስማማት አንድ ዓመት ፈጀባት። ሰውዬው ከፖርቶ ሪኮዋ ካጓስ ወጥቶ እዚያው አጠገብ ሳን ሁዋን ሲደርስ እንኳ ባሕር ማዶ የተሻገረ የሚመስለው ነው። የመርከቡን ፎቶ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው፤ እሱ ዘቅዝቆ ለጠፈው። አቃናችው፤ ደግሞ ዘቀዘቀው። በመጨረሻ ሰለቸውና፣

"እሺ እንሂድ፤ ሩዙን ግን ማን ሊሠራ ነው?" አላት።

"ማንም! ሳምንቱን ሙሉ ድስት አልነካም። እጄን ድስት ላይ ካየኸው ቁረጠው።"

ይህን ቃሏን ለጎረቤት ሁሉ ነዛችው። ምን ታድርግ፣ ከተጋቡ ጀምሮ ምሳም እራትም ሩዝ ስትሠራ ነው የኖረችው። ካሲሚሮ ከእሷ እጅ ካልሆነ ሩዝ አፉ አይገባም። የገዛ እናቱን ሩዝ እንኳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በጠረጴዛ ሥር ለውሻ ነበር የሚያቀብለው።

የጉዞው ቀን ደረሰ። መርከቡ ላይ ወጥተው ክፍላቸው ገቡ። ፔትሮኒላ ጫማዋን ወርውራ አልጋው ላይ ገና አንዴ እንደነጠረች ስልኩ ጮኸ። ሻንጣዎ ተይዟልና ታች ይምጡ ተባለች።

ታች፣ ሻንጣ የተያዘበት ሁሉ እንደ ተቀጣ ተማሪ ተደርድሯል። አንዱ ካውያ ይዞ፣ ሌላዋ በሻምፖ ጠርሙስ አረቄ ደብቃ። ፔትሮኒላ ካሲሚሮን አስከትላ ደረቷን ነፍታ አለፈቻቸው።

"እሜቴ፣ ይሄ ሻንጣ የእርስዎ ነው?" አላት አንድ ወፍራም ጥበቃ።

"የኔ ነው። ምን አለበት? የውስጥ ልብሴን ማየት አማረህ?"

ሰውዬው ጆሮው ቀልቶ ሻንጣውን ከፈተ። በአዲሱ የዳንስ ቀሚሷ ተጠቅልሎ የኤሌክትሪክ የሩዝ ድስቷ ብቅ አለ። ድስቱ ውስጥ ሩዝ፣ ሩዙ ላይ የታሸገ አተር፣ አተሩ ላይ ጭልፋዋ ሳይቀር! ወደ ባሏ ዞር ስትል፣ ካሲሚሮ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእሳት ማጥፊያ እንደ ጋዜጣ እያነበበ ነው።

"አንተ ሰውዬ!"

"ረስተሽው እንዳይሆን ብዬ ነው እኮ።"

"ምኑን ነው የረሳሁት? ገረድነቴን?"

"ኧረ አሮጊቴ፣ ሰው ፊት…"

"ሰው ይስማ! ስማ አንተ ጥበቃው፣ ይሄን ድስት ባሕር ውስጥ ጣልልኝ። ባለቤቱንም ብትጨምርልኝ አልቀየምህም።"

"ኤሌክትሪክ ማብሰያ ክልክል ነውና ድስቱን እስክንመለስ እናስቀምጠዋለን" አላት ጥበቃው። "ባልዎን ግን መያዝ አልተፈቀደልንም።"

ከዚያ በኋላ ካሲሚሮ አኮረፈ። ምግብ ቤቱ ገብቶ የመርከቡን ሩዝ በሹካ ነካ ነካ አደረገና፣ "ፍሬው እርስ በርሱ አይተዋወቅም!" ብሎ ገፋው። ዓሣውን በላ፣ ሥጋውን በላ፣ ኬኩን ከየዓይነቱ ቀመሰ። ሆዱ ቀበቶው ላይ ተዘርግፎ "ራበኝ" ይላል፤ ዓይኑን በጨው የታጠበ! ፔትሮኒላ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። ጥፍሯን ቀይ ተቀባች፣ መዋኛው ዳር ተጋደመች፣ ሰው የሠራውን ሰው ሲያቀርብላት በላች። ግን ያ ከንቱ ሰው ሳህን ባየ ቁጥር በረጅሙ ሲተነፍስ፣ አንጀቷ ደግሞ እንደ ልማዱ መላላት ጀመረ። አንድ ቀን ብቻ ወጥ ቤታቸው ገብቼ ብሠራለትስ? ብላ አሰበችና በራሷ ተናደደች። አንዴ ከነካች ሳምንቱ አለቀለት፤ ታውቀዋለች።

በማግስቱ ከሰዓት የመርከቡ ሼፍ በትልቁ አዳራሽ ምግብ እየሠራ ሊያሳይ ቆመ። "ከእናንተ መሃል ሩዝ የሚያውቅ አለ?" ሲል፣ ካሲሚሮ መብላቱን እንደ ማወቅ ቆጥሮት እጁን አወጣ። ሽርጥ አስረውለት፣ ማይክ አንገቱ ላይ ሰክተውለት ድስት ፊት አቆሙት።

ያኔ ነው የባነነው። ዘይቱን ገለበጠ። ሩዙን ጨመረና ከፔትሮኒላ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨ። ስንት ውሃ? ይላል ዓይኑ። ፔትሮኒላ ጣሪያውን አየች። እጆቿ እንዳያመልጧት ተቀመጠችባቸው።

አዳራሹ የፖርቶ ሪኮ ሴት ሞልቶበት የለ? ዝም የሚል ጠፋ።

"ውሃው በዛ፣ አንተ!"

"አታማስለው! በእመቤታችን አታማስለው!"

"ምስኪን፣ ሚስት የለውም መሰለኝ" አለች አንዷ ቀይ ባርኔጣ ያደረገች። "ቆይ ልርዳው" ብላም ተነሣች።

ይህን ጊዜ ፔትሮኒላ እግሯ ሳታዘው ብድግ አለ። ባለ ባርኔጣዋን በክርን ገፍታ መድረኩ ደረጃ ላይ ወጣች። እጇ ወደ ጭልፋው ተዘረጋ።

"አትንኪ!" አለ ካሲሚሮ። ማይኩ አዳራሹን አናጋው። "ሂጂ ተቀመጪ! አንቺ ዕረፍት ላይ ነሽ!"

ፔትሮኒላ እጇ አየር ላይ ቀረ። ይህ ሰው በዕድሜው ሙሉ ከወጥ ቤት አባሯት አያውቅም።

"እያረረብህ ነው እኮ" አለችው ቀስ ብላ።

"ይረር! የኔ ነው፤ እኔ አሳርረዋለሁ!"

ተመልሳ ተቀመጠች። ሩዙም አረረ፣ ያውም ከልቡ። ሼፉ ሊደፋው ድስቱን ሲያነሣ ሴቶቹ ጮኹበት። ድስት ሥር የተጣበቀውን ቅርፊት፣ የሩዙን ምርጥ ክፍል፣ የሚደፋ ምን ዓይነት ወጥ ቤት ነው? ባለ ቀይ ባርኔጣዋ ማንኪያ ይዛ ቀደመች። ካሲሚሮ ግን ድስቱን እንደ ሕፃን አቅፎ ከመሃላቸው ወጣና የመጀመሪያውን ሳህን ለሚስቱ አመጣላት።

ፔትሮኒላ ቀመሰች። ላዩ ጥሬ ነው። መሃሉ ገንፎ ነው። ቅርፊቱ ግን ጥርስ ሥር ኩርሽም ይላል።

"እ?" አላት፣ ላቡ እየተንጠባጠበ።

"ጨው የለውም።"

"ላምጣልሽ?"

"ታዲያ እኔ ልሂድልህ?"

ካሲሚሮ ሽርጡን እየጎተተ ጨው ፍለጋ ሮጠ። ፔትሮኒላ እግሯን ፊት ለፊቷ ባለው ወንበር ላይ ዘርግታ፣ ቅርፊቷን እየቆረጠመች ጠበቀችው።