የውሃ ተራና የዙልፋ ኮታ

«ለዘነበች ነግረሻታል አይደል?» አሏት ሼህ ሚስባህ በስልክ፣ የቤተሰቡን ደህንነት ጠይቀው ሲያበቁ።

ዙልፋ በኮፒ ሱቋ ውስጥ የአንድ ተማሪ ሰርተፊኬት ኮፒ ልታደርግ የማሽኑን ክዳን ከፍታ ነበር። እንደያዘችው ቀረች።

«ምኑን ነው የምነግራት?»

«ተራዋ መቀየሩን ነዋ። የላይኛው ማሳ ቶሎ ጠጥቶ አበቃ። ከሰዓት የነበረው ወደ ረፋዱ አራት ሰዓት መጥቷል ብዬ ገና ሲነጋ ላክሁልሽ።»

ሼህ ሚስባህ ከመርሳ ከተማ በታች ላለው ቦይ የውሃ አባት ናቸው፤ ማን መቼ እንደሚያጠጣ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ካለፈው በጋ ወዲህ ግን ተራውን ለገበሬው የሚያሳውቀው ዙልፋ የሠራችው ፕሮግራም ነው። ገበሬው ከስልኩ «ተራ» ብሎ ይልካል። ሱቋ ውስጥ ያለው አሮጌ ስልክ መልእክቱን ተቀብሎ ወደ ክላውድ፣ ማለትም ባሕር ማዶ ያለ ድርጅት ወደሚያውሳት ኮምፒውተር ያሻግረዋል። ከዚያ ቀንና ሰዓቱ ተመልሶ ይመጣል። ሼሁ ተራ ሲቀይሩም ባለተራው ወዲያው ይነገረዋል። ይህን ሁሉ ያስተማራት ሰው የለም። የወልድያን ዩኒቨርሲቲ በር ያለፈችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም የተበላሸ ማተሚያቸውን ልታይላቸው። ይህንን ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች።

ላፕቶፗን ከፈተች። በቀይ ተጽፎ ጠበቃት፦ የዕለቱ ኮታ አልቋል።

ድርጅቱ ኮምፒውተሩን የሚያውሳት በነፃ ነው። በቀን ከዚህ በላይ ጥያቄ አልቀበልም የሚል ገደብ ግን አለው። ቀኑም የሚነጋው በእሱ አገር ሰዓት ስለሆነ፣ አዲሱ ኮታ መርሳ የሚደርሰው ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። አሁን ከሦስት ሰዓት አልፏል። የሼሁ መልእክት ከንጋት ጀምሮ ደጅ ቆሞ ነበር። ኮታው እያለቀ መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ኢሜይል ትናንት ማታ መጥቶላት ነበር። «ስልሳ ገበሬ ቢያወራ ምን ያህል ያወራል!» ብላ ዘጋችው።

ዘነበች ጋ ደወለች። ስልኩ ጠፍቷል።

የዘነበች ሽንኩርት ራስ መቋጠር ጀምሯል። ውሃው ዛሬ ካለፋት ተራው ዞሮ እስኪመለስ ከሳምንት በላይ ነው፤ በዚህ ፀሐይ ሳምንት የሚችል ሽንኩርት የለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ደግሞ ያ ማሳ ብቻ ነው።

ዙልፋ ሱቁን ዘግታ ባጃጅ አስቆመች። ሾፌሩ አበባው በመስተዋቱ አያት።

«ተሻለሽ እንዴ?»

«ከምኑ?»

«ታማለች ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

«ማን ነው ያለህ?»

«ሰው ነዋ።»

«ሰው ያለህን ትተህ መንገድህን እይ። እስከ ቦዩ አፍ አድርሰኝ፣ ፍጠን።»

«ኮምፒውተሩን ተውሽውና በእግርሽ መልእክት ማድረስ ጀመርሽ በይኛ» አለ አበባው ማርሽ እየቀየረ።

ቦዩ አፍ ላይ ሼህ ሚስባህ ቆመዋል። ከዘነበች ቀጥሎ ባለተራ የሆነው ሞገስ አካፋውን ተደግፎ ይጠብቃል። ዘነበች የለችም። ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል፦ ባለተራው ወይም ወኪሉ እዚያ ካልቆመ ውሃው ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሼሁ ይህን ሕግ ለገዛ ልጃቸውም አላፈረሱም።

«ሼሁ፣ ሰዓቱ ደርሷል» አለ ሞገስ። «ልክፈት?»

«የዘነበች ወኪል እኔ ነኝ» አለች ዙልፋ ከባጃጁ ሳትወርድ።

ሞገስ ነጭ ጫማዋን አይቶ ሳቀ። «በምንሽ ልታጠጪ? በላፕቶፕሽ?»

«አካፋህን አውሰኝ። ምላስህን ግን እዚያው አቆየው።»

ሞገስ ወደ ሼሁ ዞረ። ሼሁ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። «ወኪል ነኝ ካለች ወኪል ናት። ስጣት።»

የመጀመሪያውን የአፈር መግቻ ስትቆርጥ ውሃው አመለጣትና የሞገስን መደብ አረጠበው። «ይኸው፣ ድርሻህን ቀድመህ ወሰድክ» አለችው። እሱም እየሳቀ መጥቶ አፈሩን በእግሩ መለሰላት። ቀስ በቀስ እጇ ለመደ። አንዱ መደብ ሲጠግብ ዘጋች፣ ቀጣዩን ከፈተች። ጫማዋ ከጭቃው አልለይ አለ።

ረዥሙ መደብ እስኪሞላ ድንበሩ ላይ ተቀመጠችና የገቡትን መልእክቶች በስልኳ ከፈተች። ኮታውን የበላውን ሌባ ልትይዝ ነው። ሌላ ጊዜ የምታየው ቁጥሩን ብቻ ነበር፤ ዛሬ ቃሉን አነበበች።

አንዱ ሽማግሌ በትናንትናው ዕለት «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ልከዋል። ፕሮግራሙ «ተራ» ከሚለው ቃል በቀር አያውቅምና ዙልፋ የጻፈችለትን መልሷል፦ «አልገባኝም። እንደገና ይላኩ።» ሽማግሌው እንደታዘዙት እንደገና ላኩ፤ ሰላምታው ያነሰ መስሏቸው «ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ» ጨምረው። አልገባኝም። እንደገና ይላኩ። «ልጄ፣ ደህና አይደለሽም?» አልገባኝም። «ምን ነካሽ? አሞሻል?» አልገባኝም። ከዚያ የልጃቸው መልእክት፣ ከዚያ የጎረቤቱ፣ ከዚያ የማዶው። «እግዜር ይማርሽ።» «አፊያ ያድርግሽ።» «ምን ላምጣልሽ?» እስከ ማታ አገሩ በሙሉ ጠይቋታል፤ እሷም አገሩን በሙሉ አልገባኝም ስትል አምሽታለች።

«የጨረሳችሁብኝ እናንተ ናችሁ!» ልትል አፏን ከፈተች።

«ምን ሆነ?» አሉ ሼሁ።

«ሰላምታ ነው የፈጀው። እያንዳንዷ መልእክት ከኮታው ትቆረጣለች። ተራውን ብቻ ቢጠይቁ ምን ነበረበት?»

«ታመመች ሲሉኝ እኔም ሦስቴ ልኬ ነበር» አሉ ሼሁ። «ሳንጠይቅሽ ቀርተን ቢሆን ደግሞ ትቀየሚ ነበር።»

ዙልፋ ስልኳን ኪሷ ከትታ አካፋውን አነሳች።

ውሃው ያልደረሳቸው ሁለት መደቦች ሲቀሩ ዘነበች ከመርሳ በኩል ባለው የእግር መንገድ ብቅ አለች። በፌስታል ፓፓያ ይዛለች። በማሳዋ ውስጥ የሚፈሰውን ውሃና አካፋ የያዘችውን ዙልፋን ተራ በተራ አየች።

«እሰይ፣ ድነሻል» አለች መጀመሪያ። «ልጠይቅሽ ሱቅሽ ሄጄ ዝግ ሆኖ አገኘሁት። ሐኪም ቤት ወሰዷት ብዬ እዚያም ደርሼ ተመለስኩ።»

«እትዬ ዘነቡ፣ ስልክሽስ?»

«ባትሪው ጠዋት አለቀ። ተራዬ ከሰዓት ነው ብዬ አልቸኮልኩም። ይሄ ውሃ የማነው?»

«የአንቺ ነው።»

ዘነበች ፌስታሉን አቀብላት አካፋውን ተቀበለች። የቀሩትን ሁለት መደቦች በአፍታ ጨረሰቻቸው።

ዙልፋ ሱቋ ስትመለስ ቀዩ ጽሑፍ ጠፍቷል። አዲሱ ኮታ ገብቷል፤ ከስሩ፣ ከፈለጉ ከፍለው ያሳድጉ ይላል። አላሳደገችም። የሚበላውን ካላስተካከለች ትልቁም ይበላል። በመጀመሪያ ከኮታው ላይ ለሼሁ የተራ ለውጥ የሚሆን ድርሻ ቆረሰችና ሌላ መልእክት እንዳይነካው አደረገች። ቀጥላ አሮጌው ስልክ ላይ በር ሠራች፦ ከአንድ ሰው በቀን አንድ መልእክት ብቻ ይለፍ፣ የተረፈው እዚያው ይቅር። «አልገባኝም» የሚለውን ደመሰሰችው። የመጀመሪያው መልእክት ሰላምታም ይሁን ምርቃት፣ ላኪው ተራው ተነግሮት ይመለሳል።

በመልሱ ላይ ከተራው በፊት የምታስቀድመውን ቃል ፈለገች። «ደህና ነኝ» ብላ ጻፈች። አነበበችው። ቀጥላ «እርስዎስ?» ብላ ጨመረች፤ ጣቷም ቆመ። ይህን የሚጠየቅ ሰው ሁሉ እንደሚመልስ ታውቃለች፤ መልሱም ከኮታው ይቆረጣል። ለስልሳውም አሰላችው። ኮታው ይበቃል፤ ግን ብዙም አይተርፍም።

ወደ ስልኩ በር ተመለሰችና አንዱን መልእክት ሁለት አደረገችው።