ትሎቹ ሽማግሌ ላኩ

ቅዳሜ ጠዋት ትሎቹ ወደ ፍሬሕይወት ሽማግሌ ላኩ። ሦስት ነበሩ። ከትንሿ ልጇ ከኤልዳና አልጋ ወርደው፣ ኮሪደሩን አቋርጠው፣ ሳሎን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። ሦስቱም ከጥፍር አይረዝሙም፤ የነጭ ክር ቁራጭ ነው የሚመስሉት። ከፍራሹ የወጣች ብጣሽ ጥጥ እንደ ጋቢ ተከናንበዋል። መሐል የቆመው ጉሮሮውን ጠረገ።

"ቤቶች፣ እንደምን አደራችሁ" አለ።

ፍሬሕይወት አንሶላ የሞላ ሳፋ ታቅፋ ነበር። ሽማግሌ በማንም ይላክ በማን ሽማግሌ ነውና ሳፋውን አስቀምጣ የቤት ልብሷን አስተካከለች።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ተቀመጡ እንጂ።"

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።"

"ቁርስ እንኳን ቅመሱ።"

"ቀምሰናል" አለ ሽማግሌው። የት እንደቀመሱ አልጠየቀችም።

ነገሩ የጀመረው ልጆቹ መቀመጫቸውን እያከኩ እንቅልፍ ያጡ ጊዜ ነው። የፋርማሲዋ ባለሙያ ለፍሬሕይወት በደንብ አድርጋ አስረድታታለች። ትሎቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያው መቀመጫ ላይ ነው፤ ልጅ ያካል፣ እንቁላሉ ጥፍር ሥር ይገባል፣ ከጥፍር ወደ አፍ ይመለሳል። ስለዚህ ጥፍር ይቆረጥ፤ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ አንሶላና የውስጥ ልብስ በሙቅ ውኃ ይታጠብ። መድኃኒቱን ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን ይውሰድ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ይደገም። "ንጹሕ ቤትም ይገባል፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም" ብላታለች። ፍሬሕይወት ሁሉንም ሰማች። "ቤተሰቡ ሁሉ" የምትለዋን ብቻ እንደሚመቻት ተረጎመቻት። እሷ ባንክ የምትሠራ፣ ጥፍሯን በየሁለት ሳምንቱ ቀለም የምታስቀባ ሴት ናት፤ ትል በየት በኩል አድርጎ ነው ወደ እሷ የሚመጣው?

"እትዬ ይታይሽ ናት ያመጣችው" አለች በልቧ።

ይታይሽ የባሏ የአንዱዓለም ታላቅ እህት ናት። የመጀመሪያው ልጅ፣ ባስልኤል፣ ሲወለድ አራስ ልትጠይቅ ከገጠር መጥታ በዚያው ቀረች። ከእሑድ በቀር ሁለቱም ልጆች ከእጇ ካልሆነ አይጎርሱም ነበር። ፍሬሕይወት ለእሷና ለልጆቹ መድኃኒቱን ሰጠች፤ ይታይሽ እስክትውጥም ፊት ለፊቷ ቆማ ጠበቀች። ይህም አልበቃ ብሏት ከሱቅ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሳህን ገዝታ መጣች።

"ለጊዜው እርስዎ በዚህ ይብሉ" አለቻት።

ከትሪ ተነሥቶ ሳህን የተለየበት ሰው ምን እንደተባለ ያውቃል። ፍሬሕይወትም ታውቃለች። አንዱዓለም "እህቴ እኮ ናት" አለ፤ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው፤ ከዚያም ወደ ስልኩ ተመለሰ። ይታይሽ ወጥ ቤት ዱካ ላይ ቁጭ ብላ በላች፤ ሳህኑን አጥባ ደፋችው። በነጋታው የልጆቹን ጥፍር ቆረጠች፣ ጉንጫቸውን ሳመች፣ "አገሬ ልግባ" ብላ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ልጆቹ አልበሉም። በማንኪያ ቢሉ፣ በተረት ቢሉ፣ በካርቱን ቢሉ፣ አፋቸውን ገጥመው ዝም ነው። ወተት ብቻ ይጠጣሉ። የኤልዳና ሱሪ ከወገቧ አልቆም ብሏል። ፍሬሕይወት ይቅርታ ልትጠይቅ ስልክ ደውላ ነበር። ይታይሽ አንሥታ "ልጆቹ ደህና ናቸው?" ስትላት ግን "ደህና ናቸው" ብላ ዘጋች። ይህን ስታስብ ዛሬም ፊቷ ይግላል።

"ጉዳያችሁ ምንድን ነው?" አለች።

"እንቆይ ብለን አልመጣንም" አለ ሽማግሌው። "ውጡ ከተባልን እንወጣለን፤ ለምደነዋል። የመጣነው በይታይሽ ነገር ነው። በእኛ ጥፋት ሰው ሳህን ተለየበት። እሷ አላመጣችንም።"

"ታዲያ ከየት መጣችሁ?"

ሽማግሌው ትንሽ አቀረቀረ። "በአንቺ ነው ልጄ። በቀኝ እጅሽ፣ በአውራ ጣትሽ ጥፍር ሥር። እሑድ ጠዋት ለኤልዳና ጨጨብሳ ስታጎርሺ።"

ፍሬሕይወት እጇን አየች። ቀለሙ ቀይ ነበር። ሥራዋ ከጠዋት እስከ ማታ ስለሆነ ልጆቿን የምታጎርሰው እሑድ ብቻ ነው፤ እሑድን ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ትናፍቀዋለች። ያንን ዕለት አስታወሰችው። ኤልዳና ከይታይሽ ጭን ላይ ሆና ወደ እሷ አፏን ስትከፍት ደስ ብሏት ነበር።

"ልጆቹን ብቻ ብታክሚ በአንቺ በኩል ዞረን እንመለሳለን" አለ ሽማግሌው። "ኪኒኗን አንቺም ዋጪ። ግን ባዶ እጃችንን አትስደጂን። ለይታይሽ የምትልኪው ቃል ካለ ስጪን፤ መንገዳችን በዚያው ነው። አንዲት ቃል ትበቃለች።"

ፍሬሕይወት አፏን ከፈተች። በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ።

"ፍሬ፣ አለሽ?" ጎረቤቷ ወይዘሮ ጽዮን ነበሩ። ያቺ ባንክ የምትሠራው ሴት ሳሎኗ ውስጥ ከትል ጋር ቆማ ስታወራ ተገኘች ቢባል፣ ፎቁ ሁሉ ሳይሰማው አያድርም። ፍሬሕይወት የተረፈችውን ኪኒን ከጠረጴዛው መሳቢያ አውጥታ ያለ ውኃ ዋጠች።

"ለጊዜው ቃል የለኝም" አለች በሹክሹክታ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጥጣቸውን ሰብስበው በጠረጴዛው እግር ወረዱ። ወይዘሮ ጽዮን የፈለጉት የልብስ መቆንጠጫ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፍሬሕይወት ያላደረገችው የለም። ጥፍሯን እስከ ሥጋው ቆረጠች። በየጠዋቱ አንሶላ ቀቀለች። አንዱዓለምንም ጠርታ "ዋጥ" አለችው፤ ዋጠ። አረንጓዴውን ሳህን አውጥታ ጣለችው። ለይታይሽ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው አላት፤ በማግስቱም ደወለች፤ ዝግ ነው። የልጆቹ ማከክ ጠፋ፤ በሰላም ተኙ። ግን አይበሉም። ባስልኤል ትሪው ሲቀርብ በትሕትና "ጠግቤያለሁ" ማለት ጀምሯል፤ ይህን ቃል ከማን እንደተማረው ግልጽ ነው፤ ይታይሽ በአረንጓዴው ሳህን የበላች ዕለት ያለችው እሱን ብቻ ነበር።

ኪኒኑ የሚደገምበት ቅዳሜ ሲደርስ ፍሬሕይወት ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ጥጥ አንጥፋ ጠበቀች። ቃሉን አዘጋጅታለች። ሽማግሌው መጣ፤ ብቻውን ነበር፣ ከስቷል።

"ሁለቱስ?" አለችው።

"መድኃኒቱ ሠርቷል።"

ጥጡ ላይ እንዲቀመጥ በእጇ አሳየችው፤ ዛሬ አላስለመነም፣ ተቀመጠ።

"ቃል ባይኖረንም ሄድን" አለ። "ይታይሽ በደንብ ተቀበለችን። ከራሷ ትሪ አስቀረበችን። ልጆቹ እንደማይበሉ ነገርናት። ከዚያ 'እነሱ ምን አጠፉ፣ እጄን ውሰዱላቸው' አለች። ይዘነው መጣን። መንገዱ ከብዶን ነበር።"

"እሷስ?"

"እሷ አትመጣም።"

"ስለ እኔስ ምን አለች?"

ሽማግሌው የጥጡን ጫፍ አስተካከለ። "አንቺ አልተነሣሽም" አለ።

ፍሬሕይወት አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ "አሁን ቃል አለኝ" አለች። "ይቅርታ በሉልኝ። በድዬዎታለሁ ብላለች በሉልኝ።"

"መልካም ቃል ነው" አለ ሽማግሌው። "ግን ልጄ፣ የቀረሁት እኔ ነኝ። ከዛሬው ኪኒን በኋላ የምሄደው በዚያ በኩል አይደለም።"

ኪኒኗ በመዳፏ ላይ ነበረች። ፍሬሕይወት እሱን አየች፣ ከዚያ በመስኮቱ በኩል ገመድ ላይ የተሰጡትን የልጆቿን ትንንሽ ሱሪዎች አየች። ኪኒኗን ዋጠች። ሽማግሌው ራሱን ነቅንቆ ተሰናበታት፣ ጥጡንም እዚያው ተወላት።

ምሳ የድንች አልጫ ነበር። አንዱዓለም ሥራ ላይ ስለነበር ትሪውን ከበው የተቀመጡት ሦስቱ ናቸው፤ ይታይሽ ትቀመጥበት የነበረው ጎን ባዶ ነው። ፍሬሕይወት እጇን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥባ፣ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ ኤልዳና ዘረጋች። ኤልዳና አላየቻትም። ወደ ባዶው ጎን ዞራ ነበር።

በባዶው ጎን እንጀራው ከዳር ተቆረሰ። አልጫውን ጠቀስ አደረገ፣ ተጠቀለለ፣ ከትሪው ከፍ አለ። ኤልዳና አፏን ከፈተች፤ ጎረሰች፤ አላመጠች። ቀጥሎ ባስልኤል። ከዚያ እንደገና ኤልዳና። ልጆቹ አልተደነቁም፤ ርቧቸው ነበርና በጸጥታ በሉ። የኤልዳና አገጭ ላይ የፈሰሰው አልጫ ማንም ሳይነካው ተጠረገ።

ፍሬሕይወት የራሷን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሳ አስቀመጠች። "እትዬ" አለች ወደ ባዶው ጎን፤ ከዚያ በላይ አልወጣትም። እሷም አፏን ከፈተች።

እንጀራው ተቆረሰ፣ ተጠቀለለ፣ ተነሣ። ፊቷ አጠገብ ሲደርስ ቆም አለ፤ ሙቀቱ ከንፈሯ ላይ ተሰማት። ከዚያ ወደ ባስልኤል ዞረ። ፍሬሕይወት አፏን እንደከፈተች ቆየች፤ ትሪው ባዶ እስኪሆን፣ ልጆቹም ተነሥተው እጃቸውን ሊታጠቡ እስኪሄዱ ድረስ።